የሕዝብ ጃርት

ሶዶ ከተማ መካነ እንስሳት ሊኖራት ነው ሲባል በጣም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ደስታዬ ንጹሕ ነበር። እንስሳው እኔ በተከራየሁት ግቢ ያድራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። ዘመኑ መሥሪያ ቤት ሁሉ ስትራቴጂክ ዕቅድ የሚያወጣበት ነበር። ዕቅድ የሌለው መሥሪያ ቤት ሱሪ ሳይታጠቅ አደባባይ እንደወጣ ሰው ይታያል። የአምስት ዓመት ዕቅድ ያለውም ቢሆን ቁምጣ እንደለበሰ ነው የሚቆጠረው። በዚህ መሐል በከተማችን የተቋቋመ አንድ ኮሚቴ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ፤ የሃያ ዓመት የመካነ እንስሳት ልማትና አስተዳደር ዕቅድ። ሕዝቡ ስሙ ረዘመበትና በአጭሩ «አንበሳ ግቢ» አለው። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነውና። አንበሳውም ግቢውም ገና ነበሩ፤ ስሙ ብቻ ቀድሟቸው ገባ።

እኔ የሬዲዮ ሪፖርተር ነኝ። የኮሚቴውን ዐውደ ጥናት ልዘግብ ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው አቶ ታደሰ አዩኝና «ጋዜጠኛ እጁ ፈጣን ነው» ብለው ጸሐፊ አስመረጡኝ። ጋዜጠኛ የሚዘግበው ጉዳይ ውስጥ መግባት የለበትም የሚል ደንብ አለን። ደንቡን በሻይ ሰዓት አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፣ «ትክክል ነህ» አሉኝ፣ ማርከሩንም ሰጡኝ።

አቶ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። በዕቅድ ሥራ ያረጁ፣ በሙቀትም ኮታቸውን የማያወልቁ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ግማሹ እንደተሠራ የሚያምኑ ሰው ናቸው። በትልቁ ወረቀት ላይ «ስጋት» በሚለው ርእስ ሥር «አንበሳው ሊያመልጥ ይችላል» ተብሎ ተጻፈ። «መልካም አጋጣሚ» በሚለው ሥር ደግሞ «እስካሁን አንበሳ የለንም» ተባለ። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ስህተት አላገኘሁባቸውም።

ከምሳ በኋላ ዕቅዱ በምዕራፍ ተከፈለ። (ምሳው ቁርጥ በዳጣ ነበር። ስለ እንስሳት ደኅንነት ስንነጋገር አርፍደን በሬ በላን፤ ማንም አስተያየት አልሰጠበትም።) የመጀመሪያው ምዕራፍ ግንዛቤ ማስጨበጥ ሆነ። ሁለተኛው ቦታ መረጣና አጥር፣ ሦስተኛው የእንስሳት መግቢያ። የመጨረሻው ምዕራፍ ያገገሙ እንስሳትን ወደ ተፈጥሮ መልቀቅን ይጨምር ነበር። እዚያ ስንደርስ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያልመጣ እንስሳ ሲያገግም ማሰብ ልብ ይነካል።

ግንዛቤ ማስጨበጡ የእኔ ድርሻ ሆነ። እኔ በአማርኛ፣ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በወላይትኛ መልእክቱን አስተላለፍን። «የዱር እንስሳት የሕዝብ ሀብት ናቸው። አትግደሏቸው። በእጃችሁ የገባ እንስሳ ካለ ለሚመለከተው አካል አስረክቡ።» ባልደረባዬ ድንጋይ የሚያሳምን ድምፅ አለው። በዕቅዱ መሠረት ግንዛቤው ለመጨበጥ ዓመታት ይፈልግ ነበር። ሕዝቡ በሳምንቱ ጨበጠው።

አቶ አንጁሎ የሚባሉ የቦምቤ ገበሬ በአይሱዙ ላይ አሮጌ በርሜል ጭነው ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ወረዱ። የበርሜሉ አፍ በቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዘበኛው ጠራኝና ወጣሁ።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ?» አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። «በሬዲዮ ስንሰማህ ግዙፍ ትመስላለህ።»

«ምን ይዘው መጡ፣ አባቴ?»

«የመንግሥት ዕቃ።» በርሜሉን በእግራቸው ነካ ሲያደርጉት ከውስጥ ደረቅ ሸምበቆ እንደሚራገፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። «ጃርት ነው። ጎደሬዬን የጨረሰ ሌባ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ ያዝኩት። ጦሬን ሳነሣ ሚስቴ ‹አትግደል! ሬዲዮ የሕዝብ ሀብት ነው ብሏል› አለች። እኔ እስከዛሬ ጎደሬዬን የሚበላው የሕዝብ ሀብት መሆኑን የት አውቄ! በሉ እንግዲህ፣ ኢሻ» አሉ እንደ ወንድም ትከሻዬን ይዘው፣ «ሀብታችሁን ተረከቡ።»

ተያይዘን ወደ አቶ ታደሰ ቢሮ ሄድን። አቶ ታደሰ በመስኮት በርሜሉን አዩና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«እንስሳ የሚገባው በሦስተኛው ምዕራፍ ነው» አሉ። «አሁን ያለነው አንደኛው ላይ ነው።»

«ይመልሱት እንግዲህ?» አልኩ።

«ማን? እኔ?» አሉ አቶ አንጁሎ። «ከቦምቤ እስከዚህ ያየኝ ሰው ሁሉ ሲመርቀኝ ነው የመጣሁት። ጃርት ይዞ ሄዶ ጃርት ይዞ ተመለሰ እንድባል ነው? ደግሞ ጎረቤቶቼ አያስገቡኝም።»

አቶ ታደሰ አሰቡ። «ለመሆኑ ማን ነው አምጡ ያላችሁ?»

«ሬዲዮ» አሉ አቶ አንጁሎ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በሙያው ብዙ ዘመን «የሚመለከተው አካል» እያልኩ ስዘግብ ኖሬያለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን ተዋወቅን።

የምኖረው ከኦቶና ሆስፒታል ወረድ ብሎ፣ በእትዬ ማርታ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። ያቺን ክፍል ያገኘሁት በስንት ጸሎትና በስንት ደላላ ነው። ቧንቧው ውኃ አያቋርጥም፣ መስኮቷ ወደ ዳሞታ ተራራ ይከፈታል፣ በጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም፤ ከእሑድ በቀር፣ እሱም መዝሙር ነው። እትዬ ማርታ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚያገለግሉ፣ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ድምፃቸውን ለመዝሙር የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አላቸው። ከሁሉም የገዘፈችዋን እንሰት ለበኩር ልጃቸው ሠርግ ነበር ያቆዩዋት። ሠርጉ ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በኋላ ነው። ለሙሽራዋ ቤተሰብ ከገበያ የተገዛ ቆጮ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ወላይታ ለኖረ ሰው አልነግርም፤ ላልኖረም ቢሆን በሰው ሱፍ መዳር እንደማለት ነው።

በርሜሉ በበሩ ሲገባ እትዬ ማርታ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ እትዬ ማርታ።»

«ጊዜውን አልጠየቅሁህም።»

«ጃርት።»

የያዙትን አንሶላ በገመዱ ላይ አስተካክለው ዘረጉ። ፊታቸው ከአንሶላው ጀርባ ተሰወረ። «እንሰት ባለበት ግቢ ጃርት?»

«የኮሚቴው ነው። የሕዝብ ሀብት ነው።»

«ስማኝ ልጄ» አለ አንሶላው። «ያቺን የሠርግ እንሰት አንዴ ቢነካት ሁለታችሁም ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ከአሁኑ ተነጋገሩ።»

አቶ ታደሰ ነገሩን በቀላሉ አላዩትም። ለጊዜያዊ ማቆያ የሚሆን ቦታ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመው ራሳቸው መጡ። ግቢው ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ አሮጌ ማድ ቤት ነበር። ንዑስ ኮሚቴው በዕቅዱ መመዘኛ መሠረት መረመረው። የግድግዳው ከፍታ በቂ፣ የበሩ ጥንካሬ በቂ፣ ጣሪያው ዝላይ ይችላል፣ ቀዳዳዎቹ አየር ያስገባሉ። እኔም ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ጻፍኩ። መመዘኛው የተዘጋጀው ለአንበሳ ነበር። አንበሳ ይዘላል፣ በር ይሰብራል፣ ግድግዳ ይወጣል። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ላይ ስናይ ዋልን። ወለሉን ያየ አልነበረም። ወለሉ አፈር ነው።

ጃርቱ ገባ። በማግስቱ ከጎረቤት ጥያቄ ተነሣ፤ ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል፣ ልጆቻችን ዓይናቸው ቢጠፋስ? ያልተረጋገጠ ወሬ አልወድም። አንብቤም ጠይቄም አይወረውርም የሚለውን ይዤ ነበርና ጎረቤቶቼ በተሰበሰቡበት በሩን ከፍቼ ገባሁ። ጃርቱ ጀርባውን ሰጠኝ። «አያችሁ? አይወረውርም» አልኩ። እውነቴን ነበር። አልወረወረም። ወደ ኋላ ሮጦ መጣ እንጂ። በሳይንስ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለሱሪዬና ለእግሬ ግን ምንም ልዩነት አልነበረውም።

ይህ ወሬ ሲሰማ ሕዝቡ ይመጣ ጀመር። ከየቤተ ክርስቲያኑ የወጣ ሰው እግረ መንገዱን እኛ ዘንድ ጎራ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም። አንዱ ጎደሬ፣ አንዱ ስኳር ድንች፣ አንዷ በቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ ጃርቱ ቦምቤ ሲሰርቅ የተያዘበትን ምግብ ሶዶ በስጦታ ተቀበለው። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ባልቻ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና በቀዳዳው አዩት። «ወፍሯል» ብለው ሄዱ።

ሬዲዮ ጣቢያው ስልኩ አላርፍ አለ። አንዱ ከርከሮ ትቀበላላችሁ ወይ ይላል። ከበዴሳ የደወለ የእህል ነጋዴ ጃርታችሁ ብቻውን መሆኑን ሰምተናል፣ እኛ ጋ ሴቲቱ አለች፣ በነገው ሚኒባስ እንላካት ወይ አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ጅብ ለመያዝ ማንን ማስፈቀድ እንዳለባት ጠየቀች፤ አነጋገሯ የምትቀልድ አይመስልም። ሁሉንም «በሦስተኛው ምዕራፍ» እያልኩ መለስኳቸው። አቶ ታደሰ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። ለበላይ ባቀረቡት ሪፖርት የግንዛቤው አፈጻጸም ከዕቅድ በላይ መሆኑን ገለጹ። እኔም በየጠዋቱ ተነሥቼ ከሁሉ በፊት ወደ ጓሮው እሄዳለሁ። እንሰቷ ቆማለች። ክፍሌም አለች። እመለሳለሁ።

አንድ ጠዋት እንሰቷ አልቆመችም።

በጎኗ ተጋድማለች፤ ቅጠሎቿ የእትዬ ማርታን የልብስ ገመድ ይዘውት ወድቀዋል። ሥሯ፣ ያ ተቀቅሎ የሚበላው አሚቾ የሚሆነው ምርጥ ክፍል፣ በማንኪያ እንደተበላ ተፍቋል። ከጉድጓዱ የሚነሣ ዋሻ በማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያልፋል። ማድ ቤቱን ስከፍት ጃርቱ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማምለጥ ይችል ነበር። ወጥቶ፣ በልቶ፣ ወደ ምደባ ቦታው ተመልሷል። ከማውቃቸው የመንግሥት ሠራተኞች እንዲህ ሰዓቱን ያከበረ ጥቂት ነው።

እትዬ ማርታ ከኋላዬ ቆመው አዩ። አልጮኹም። «ሽማግሌ ጥራ» ብቻ አሉኝ።

በእኛ አገር ሰብል በበላ ከብት ጉዳይ ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ያህል በላ የሚለው አይደለም። ከብቱ የማን ነው ይባላል። ባለቤቱ ሳይታወቅ ወደ ጉዳቱ አይገባም። አቶ ባልቻ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከቦምቤ አቶ አንጁሎ ተጠርተው መጡ፤ አቶ ታደሰም መጡ። ተከሳሹ ማድ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ጃርት ሊያይ ይመላለስ የነበረው ሰፈርተኛ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ጃርቱ የማን ነው?» አሉ አቶ ባልቻ።

«እኔ አስረክቤያለሁ» አሉ አቶ አንጁሎ። «ያኔም ቢሆን የኔ አልነበረም። ጎደሬዬን የበላ ሁሉ የኔ ከሆነ ዝንጀሮውም የኔ ነው ማለት ነው።»

«ጋዜጠኛው፣ ያንተ ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ። እኔ መልእክቱን ብቻ ነው ያነበብኩት።»

«ድምፅህ መሆኑን ግን ሁላችንም ሰምተናል።» ወደ አቶ ታደሰ ዞሩ። «ልጄ፣ ያንተ ነው?»

አቶ ታደሰ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «በዕቅዱ በግልጽ እንደተቀመጠው፣ የሕዝብ ሀብት ነው።»

«ሕዝብ ማን ነው?»

«ሁላችንም ነና፣ አባቴ።»

«እኔም?»

«እርስዎም።»

«ማርታስ?»

አቶ ታደሰ እትዬ ማርታን አየት አደረጉ። «እሳቸውም።»

«እንግዲያ የማርታ ጃርት የማርታን እንሰት በላ» አሉ አቶ ባልቻ። «በራሷ ከብት ማን ይከሰስላታል?»

በአጥሩ ላይ የቆመው ሰው ሳቀ። አቶ ታደሰም ነገሩ በሰላም አለቀ ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን እትዬ ማርታን ነበር የማየው። ክፍሌ የተንጠለጠለችው በእሳቸው አፍ ላይ ነው።

«እሺ» አሉ እትዬ ማርታ። «የሕዝብ ከሆነ እኔም ድርሻዬን አልክድም። የቀረው ሕዝብ ግን የት አለ?» አጥሩን አዩት። «አንተ ጎደሬ ይዘህ የመጣኸው አይደለህም? አንቺስ በቆሎ? አቶ ባልቻ፣ እርስዎስ ወፍሯል ብለው አልሄዱም? በሉ እንግዲህ፣ የሕዝብ ጃርት የበላውን ሕዝብ ይተካልኝ። ለልጄ ሠርግ ከየጓሯችሁ አንዳንድ እንሰት።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ባልቻ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ራስ ለራስ ገጥመው ተነጋገሩ። «ፍርዱ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ጓሮ ትልቅ ነው። ከኔ ይጀመር።» ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት የሚችል አልነበረም። አቶ አንጁሎም ከቦምቤ አንድ እንሰት እልካለሁ አሉ። «ጎደሬዬ አሁን በሰላም እያደገ ነው» ብለው መረቁን፤ ቶሎም ተሰናብተው ወጡ፤ በርሜሉ ወደ እሳቸው ሳይዞር።

እትዬ ማርታ ወደ እኔ መጡ። «ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሁለታችሁም ሂዱ።»

ቃል ቃል ነው። ልብሴንና መጻሕፍቴን በሻንጣ አደረግሁ፤ ፍራሹን ተመልሼ እወስዳለሁ ብዬ ተውኩት። አቶ ታደሰ መኪና ለመኑና ጃርቱን፣ ሻንጣዬንና እኔን አንድ ላይ ጫኑን። ወደ ብላቴ ቆላ አቅጣጫ ወረድን። ሰው የሌለበት ሥፍራ መስሎን በቆምን ቁጥር ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሰው ይመጣል።

«ምንድን ነው የያዛችሁት?»

«ጃርት» ይላሉ አቶ ታደሰ፣ ለመዋሸት ስላልሠለጠኑ።

«ወዲያ! ወዲያ ሂዱ!»

አንዱ እስከ መንደሩ ዳርቻ ድረስ ከመኪናው ጎን እየሮጠ ሸኘን። መጨረሻ ላይ እርሻ የሌለበት ቁጥቋጦ አገኘንና በርሜሉን አጋደምነው። ጃርቱ ወጣ። እሾሁን አንዴ አራገፈና ሳይቸኩል ወደ ቁጥቋጦው ገባ። አቶ ታደሰ ቆመው ሸኙት። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«ታውቃለህ? ያገገመ እንስሳ ወደ ተፈጥሮ መልቀቅ የመጨረሻው ምዕራፍ ግብ ነው። በአንደኛው ዓመት አሳካነው!»

«ጃርቱ ታሞ ነበር እንዴ?»

«ወፍሯል» አሉ። «ምን ብለህ ትዘግበዋለህ?»

«አንድ ጃርት ተለቀቀ እላለሁ።»

«ዕቅዱን አትጠቅሰውም?»

«ከጃርቱ በኋላ ቦታ ከተረፈ።»

ማርከሩን በወሰድኩ ጊዜ እንዳደረጉት ሁሉ «ትክክል ነህ» አሉኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻንጣዬን ይዤ ግቢው በር ላይ ወረድኩ። የት እንደማድር አላውቅም፤ ለጊዜው ያሰብኩት ፍራሹን ብቻ ነበር። ሴቶች ተሰብስበው የወደቀችውን እንሰት ግንድ ሳትበላሽ እየፋቁ ነው፤ ግማሿ ተርፋለች። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ከየጓሮው የመጡ እንሰቶች ተጋድመዋል፤ ከላይ የተቀመጠው የአቶ ባልቻ ነው፣ ትልቅነቱ ከቃላቸው ትንሽ ያንሳል። እትዬ ማርታ በጃርቱ ጉድጓድ አጠገብ ቆመዋል። ሻንጣዬን አዩት።

«ይህን ምን አስያዘህ?»

«ሂዱ አሉና።»

«እሱን ጥለህ ና ማለቴ ነው እንጂ!» ለሴቶቹ በወላይትኛ አንድ ነገር ነገሯቸውና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ። «ግን አልጨረስንም። ሕዝቡ ሁሉ ድርሻውን አምጥቷል። አንተስ ሕዝብ አይደለህም?»

«ነኝ፤ ግን ጓሮ የለኝም፣ እትዬ ማርታ። ከየት አምጥቼ?»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ትተክላለህ።» ከመሬት ላይ አንዲት የእንሰት ችግኝ አንሥተው ሰጡኝ። ቁመቷ እስከ ጉልበቴ ነው። «ታረማለህ፣ ፍግ ታለብሳለህ፣ ጊዜዋ በደረሰ ቁጥር ነቅለህ ታዛውራታለህ፤ እንሰት ሁለት ሦስቴ ሳይዛወር፣ ዓመታትም ሳይቆጥር አይደርስም። ደርሳ እስክትፋቅ ድረስ ከዚህ ግቢ የትም አትሄድም።»

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ሴቶቹ አፈሩን እንዴት እንደምጠቀጥቅ እየነገሩኝ፣ የነገሩኝን ሳደርግም እየሳቁብኝ ተከልኳት።

ሠርጉ አምሮ አለፈ። ቆጮው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ነው አለቃዬ ቢሮው አስጠርቶ ሐዋሳ የዕድገት ቦታ እንደተገኘልኝ የነገረኝ። የእንኳን ደስ አለህ እጁን ዘርግቷል።

«አልችልም» አልኩት። «የተከልኳት እንሰት አልደረሰችም።»

አለቃዬ ወላይታ ነው። እጁን ሰበሰበና አሰበ።

«ከተተከለች በኋላ ስንት ጊዜ አዛወርካት?» አለኝ።

«ገና አንዴም።»

«ኧረ ተቀመጥ» አለኝ።